ኮፒሊያዋ

አሮጌው የጦር ጂፕ ከግቢ እንደወጣ ኮፒሊያዋን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ አገኛት። የመሪው ብሎን እንዳይፈታ የምትይዝ ትንሽ ሽቦ ናት። ጂፑን ሲሠራ በከንፈሩ ይዟት ነበር፤ ምሳ ቀረበ ሲባል ኪሱ ከተታትና ረሳት። ጂፑን ይዞ የወጣው ወንድሙ ጋ ደወለ፤ ስልኩ እዚያው ሳሎን ውስጥ ጮኸ። ኮፒሊያዋን በመዳፉ ጨብጦ በሩ ላይ ቆመና ቁልቁለቱን ያይ ጀመር።

ጂፑ ተመለሰ። ወንድሙ እየሳቀ ወረደ። በወዲያኛው በር ደግሞ እናታቸው ወረደች፤ አብራ መሄዷን አላወቀም ነበር።

«በዚህ አሮጌ አልሳፈርም ብዬ ነበር» አለችው። «አንተ ከሠራኸው ግን ምን እፈራለሁ?»

«ተይ እማዬ፣ እጄ ግሪስ ነው።»

እሷ ግን የተጨበጠ እጁን ሳብ አድርጋ ሳመችው። «ይባረክ ይሄ እጅ።»

ኮፒሊያዋ መዳፉን ወጋችው። ይበልጥ ጨበጣት።