የሳጅን ነጎድጓድ ፈተና

ሳጅን ነጎድጓድ ሲያስነጥስ ሦስት ሰፈር መስኮቱን ይዘጋል ይባል ነበር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ሰው የሚመለሰው በጩኸት ነው ባይ ነው። እና ፖሊሶች የተቆጣ ሰው በለዘብታ እንዲያበርዱ የሚሰጠው የአሥር ቀን ሥልጠና እንደ ሬት መረረው።

«ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ምርጫ ስጡት። ስለ ቤተሰቡ ጠይቁት» ይላል አሠልጣኙ።

«ከዚያስ፣ እሹሩሩ ልበለው?» ይላል ሳጅኑ።

የመጨረሻውን ፈተና የወደቀ ግን ሽጉጡን አስረክቦ መዝገብ ቤት ይወርዳል። ሳጅኑ ደግሞ ሽጉጡን ከፈታ ወገቡ የሚቆረጥ ይመስለዋል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲተኛ እንኳ ከትራሱ ሥር አይለየውም።

በፈተናው ቀን አሠልጣኙ በር ላይ ጥይቱን ተቀበለውና «በየክፍሉ አንድ ተፈታኝ ነው። በሩ ሲዘጋ ይጀመራል፤ ግባ» አለው።

ውስጥ አንድ ቡትቷም ሰውዬ ተቀምጧል። ሽታው የሞተ አይጥ እንኳ አፍንጫውን ያስይዛል። ጢሙ ላይ ትውከት ደርቋል። የአሥር ቀኑ ትምህርት ከሳጅኑ ጭንቅላት ብን አለ።

«ተነስ አንተ ቆሻሻ። እጅህን አሳይ።»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ተነስቶ መዳፎቹን ዘረጋ። ጥፍሮቹ ጥርት ያሉ ናቸው። «ልክ ነዎት ጋሼ፣ እገማለሁ። ለራሴም አልቻልኩት።»

ይህን ሲል ከጢሙ ፍርፋሪ ወርዶ የሳጅኑ ጫማ ላይ አረፈ። ሽጉጡ ወጣ።

«ኮትህ ውስጥ ምንድን ነው ያበጠው? ቢላ ነው?»

«መሀረብ ነው። እኔ ላውጣው ወይስ እርስዎ ያወጡታል?»

«እኔ አንተን ልነካ? እዝጎ። አውጣ።»

የተተኮሰ ነጭ መሀረብ ወጣ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ጠረገለት። «ጥሩ ጫማ ነው። ማን ገዛልዎ?»

«ልጄ» አለ ሳጅኑ ሳይወድ። «በመጀመሪያ ደሞዟ።»

«ታድለዋል። ቁጭ ይበሉ እስቲ፤ ቀበቶው ሆድዎን ይዞዎታል።»

ሳጅኑ ተቀመጠ። ስለ ልጁ ሲያወራ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ዝንብ እንኳ ጆሮዋን ካላስጠጋች አትሰማውም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቀበቶውም ሽጉጡም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። «ይሄን ግም እንዴት አድርጌ አለዘብኩት» አለ በሆዱ።

በሩ ሲከፈት ደረቱን ነፍቶ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ።

አሠልጣኙ የተዘረጋውን እጅ አልፎ ሽጉጡን ከጠረጴዛው አነሳና ወደሚገማው ሰውዬ ዞሮ «አልፈሃል፣ ኢንስፔክተር» አለው።