የማይጠፋ ቢጫ

በዚያ ዘመን፣ ልጆቼ፣ የክለብ ቀለም እንደ መብራት ነበር። ለክለቡ በየወሩ የከፈለ ሰው ማሊያው ይበራለታል፤ ያቋረጠ አመድ የመሰለ ጨርቅ ለብሶ ይቀራል። ጋሽ አበጋዝ ግን ስታዲየሙ በር ላይ ያለ ፈቃድ፣ በእጃቸው የነከሩትን ስካርፍ ላስቲክ ላይ ዘርግተው «የማይጠፋ ቢጫ!» እያሉ ይሸጡ ነበር።

አንድ እሁድ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት መጡና ከጉያቸው አመድማ ማሊያ አወጡ።

«የልጄ የምንተስኖት ነው። በሞተ በወሩ ቢጫው ጠፋ። ይንከሩልኝ፣ ጋሼ።»

«ይሄ ጨርቅ ቀለም አይጠጣም፣ እትዬ፤ ሞክሬ አፍሬበታለሁ። ይልቅ አዲስ ስካርፍ ልስጥዎት፣ በነጻ።»

«አዲሱን እሱ አልለበሰውም እኮ!»

ጋሽ አበጋዝ ከላስቲኩ ላይ አንድ ስካርፍ አነሱ። ከዚያ ቢጫ ክሩን መተርተር ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ልብስ ሰፊ ሆኑ?» አለ ከጎናቸው ቀይ የሚሸጠው ጎረምሳ።

«አንተ ያንን የተሸናፊ ቀይህን ሽጥ!» አሉትና መርፌያቸውን አወጡ። «በክር እሸፍነዋለሁ፣ እትዬ። ከየት ልጀምር?»

«ከፈለጉበት። አንገትጌውን ብቻ ይተዉልኝ። ጨዋታ ሲከብድበት ያኝከው ነበር።»

ጋሽ አበጋዝ አንገትጌውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የጥርሱ ምልክት አለ። ከዚያ ዝቅ ብለው መርፌውን ሰኩ።

ወዲያው ስታዲየሙ በጩኸት ተናወጠ። እትዬ አስካለ ቀና አሉና፣ ቤት ገብተው የሚነግሩት ሰው እንዳላቸው ሁሉ፣ «ማን አገባ?» ብለው ጠየቁ።