ቀን የምትተኛዋ ተከራይ

ታቦር ሰፈር፣ አቶ ከበደ ግቢ፣ ሶልያና የምትባል ተከራይ ገባች። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሞላ ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ይባስ ብላ ቀን ትተኛለች።

ይኼ ለእትዬ ወርቅነሽ ቀላል ነገር አልነበረም። እትዬ ወርቅነሽ አቮካዶ ነጋዴ ናቸው፤ ማንም ሳይሾማቸው ደግሞ የግቢው ዳኛ ናቸው። ከቀጭኗ ግድግዳ ወዲህ እሳቸው፣ ወዲያ ሶልያና።

«ኧረ ጉድ! ጨዋ ሰው በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል?» አሉ።

መተኛቱስ ይሁን። አመሻሽ ላይ በር ላይ ባጃጅ ይቆምና አንድ ወንድ «ሶልያና፣ ውጪ እንጂ፣ አንቺን እየጠበቁ ነው!» ብሎ ይጮኻል። እሷም ጃኬቷን ደርባ ውልቅ ትላለች። የምትመለሰው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ እግሯን እየጎተተች። ሽቶ እንኳን አትቀባም፤ ጋዝ ጋዝ ነው የምትሸተው።

«ሽቶ የሚገዛላት እንኳን ያጣች ናት» ብለው አሾፉ እትዬ ወርቅነሽ። ግቢው ሳቀ። ግቢው ለመሳቅ ብዙ አይለመንም።

አቶ ከበደን አንቀው ያዟቸው። «ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!»

አቶ ከበደ ከማንም ጋር መጣላት የማይወዱ፣ ለስላሳ ሰው ናቸው። «ምን ብዬ ላስወጣት? በራሷ ፈቃድ ከወጣች ግን አልይዛትም» አሉ።

ለእትዬ ወርቅነሽ ይኼ በቂ ነበር። ሙቀጫቸውን አንስተው ከሶልያና ግድግዳ ሥር ተከሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ገብታ ጋደም ስትል ጠብቀው በርበሬ መውቀጥ ይጀምራሉ። በርበሬው ሲያልቅ ባዶውን ሙቀጫ ይወቅጣሉ። ክንዳቸው ሲዝል በሯን ያንኳኩና «ጨው አለሽ?» ይላሉ። ጨው ያላቸው ሴት ናቸው፣ በኩንታል።

አንድ ቀን ሶልያና ፀጉሯ ተንጨባሮ ወጣች።

«እትዬ፣ እባክዎ። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይታገሱኝ። ሳልተኛ ሥራ መግባት አልችልም። የኔ ሥራ…»

«ሥራሽንማ አገር ያውቀዋል!»

«እትዬ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰው ይጎዳል።»

«እስካሁንስ መቼ ሳይጎዳ ቀረ? ስንቱን ትዳር በትነሽው ይሆን!»

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከዚያ በሩን ዘጋች። እትዬ ወርቅነሽ ዘነዘናቸውን አነሡ።

ሐሙስ ጠዋት ሶልያና እንደ ልማዷ ገባች። የዚያን ዕለት ሙቀጫው እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ትንፋሽ አላገኘም። ከግድግዳው ወዲያ አልጋው ሲንቋቋ፣ ልጅቷ ስትገላበጥ፣ አንዴም በንዴት ስታለቅስ ይሰማ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ደስ አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

የዚያን ቀን አቮካዶ ወደ ሞያሌ ይጭናሉ። ጭነታቸውን ለሰው አያምኑም፤ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። መኪና የሚያገናኛቸው ሱሌይማን የሚባል ደላላ ነው።

«ሱሌይማን፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው ያመጣህልኝ? የባለፈው ሹፌር መሪ ላይ ሲያንቀላፋ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!»

«እትዬ፣ አያስቡ። አዲስ መኪና ነው ያገኘሁልዎ። ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ ሲመላለስ አንድ ካርቶን አልወደቀበትም። እንቅልፍ ላይ ቀልድ የለም።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አሉና ስለ ጎረቤታቸው አጫወቱት። «ዛሬ እንኳን ዓይኗን አልከደነችም፣ አንዲት ደቂቃ! አንድ ሳምንት ከቆየች ምን አለ በለኝ።»

ሱሌይማን ለይሉኝታ ሳቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭነቱ ታስሮ አለቀ። እትዬ ወርቅነሽ ጋቢና ወጡ፣ ወንበሩን ደገፍ አሉ፣ ሱሌይማን በሩን ዘጋላቸው። መኪኖች ከፊትም ከኋላም እየተነሡ ነበር።

«ሹፌሩስ?»

«ይኸው።»

በወዲያኛው በር ሶልያና ገብታ መሪውን ያዘች፤ አንዴ በረጅሙ አዛጋችና «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ወርቅነሽ» አለች።