የቤልፎርክ ጤና

የገጠር ከተማዋ ቤልፎርክ ለክሊኒኳ ሐኪም ካጣች ስምንት ወር ሆኗታል። ሁለት ሰዎች ለመቀጠር ከሩቅ መጥተው ነበር፤ ሁለቱም የሕመምተኛውን ሰልፍ አይተው ሳምንት ሳይሞላቸው እብስ አሉ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤትም፣ «ሦስተኛዋ ካልቆየች ክሊኒኩ ይዘጋል» ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ወይዘሮ አርዲስ የሐኪም አፈላላጊው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የባላቸው የአቶ ሎይድ እግር በስኳር በሽታ ቆስሎ አልድን ብሏል፤ ሌላ ክሊኒክ የሚገኘው ደግሞ መቶ ማይል ርቆ ነው። ስለዚህ ሦስተኛዋ፣ ኖሪን፣ ለሙከራ ሳምንት በምትመጣበት ዋዜማ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሕዝቡን ሰበሰቡ።

«ማንም ቁስሉን እንዳያሳያት! ያለፉትን ያባረራቸው የእናንተው ኡኡታ ነው። ምግብ ይዛችሁ ግቡ፣ ደኅና ነን በሉ፣ ውጡ።»

«የባሰበትስ?» አለ አንዱ።

«አንድ ሳምንት ይቻለው!»

ሰኞ ኖሪን ሥራ ስትጀምር ክሊኒኩን ድንች በአይብ፣ የፖም ኬክና የዶሮ ሾርባ አጥለቀለቀው። በየሳህኑ ቂጥ የባለቤቱ ስም ተለጥፏል። አንድ ገበሬ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደ ከተተ፣ «እኔማ ብረት ነኝ!» ብሏት ወጣ።

ወይዘሮ አርዲስን እንቅልፍ የነሳቸው ዌንደል ነበር። ዌንደል የከብት ሐኪም ነው፤ ክሊኒኩ ሰው ካጣ ወዲህ ግን የሰውም ቁስል ይሰፋል። ሳምንቱን ሙሉ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው ደጁ በፒካፕ መኪና ተጨናንቆ ሰነበተ። ረቡዕ ዕለት ወይዘሮ አርዲስ የባላቸውን ሰማያዊ ፒካፕ ከመሃል ቆማ አዩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«እግሬን ላሳየው ነዋ! ክሊኒኩን የከለከልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ሐሙስ የባሰ መጣ። ዌንደልና ኖሪን የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቆመው ያወራሉ። ኖሪን ወደ ዌንደል ደጅ እያመለከተች ራሷን ትነቀንቃለች። ወይዘሮ አርዲስ የሎይድ እግር ታሰባቸው። ኖሪን እስክትገባ ጠብቀው ዌንደልን ያዙት።

«ገበያህ እንዳይቀርብህ ጉዳችንን ዘረገፍከው አይደል?»

«ኧረ እኔ! ሥራ በዝቶብሃል አለችኝ፤ አዎ አልኳት፣ በቃ። ዝም በል ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

አላመኑትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኖሪን ሳህኖቹን አጥባ፣ ስም እያየች ለየባለቤቱ መለሰች። የወይዘሮ አርዲስን መጨረሻ ላይ ይዛ መጣች። ፊቷ ፈክቷል፤ ልባቸው መለስ አለ።

«እንዲህ ያለ ደግ ሕዝብ አይቼ አላውቅም» አለች። «እንዲህ ያለ ጤነኛም! ዛሬ ለአውራጃው ጻፍኩላችሁ።»

«ምን ብለሽ ልጄ?»

«ክሊኒኩ ይዘጋና፣ በምትኩ ለከብቶቻችሁ ሁለተኛ ሐኪም ይቀጠርላቸው ብዬ።»