የአቶ ደርበው ሳሎን
አቶ ደርበው አሮጌውን የመኳንንት ቤት አፍርሰው ሆቴል ሊሠሩበት ስለፈለጉ ፎቶ አንሺ ቀጠሩ። "ወና መሆኑ ብቻ በደንብ ይታይ፤ የቅርስ ኃላፊው አይተው እንዲፈቅዱልኝ" አሏት። ፊቷን ቢያዩም አላወቋትም። እሷ ግን ድምፃቸውን ገና ስትሰማ አወቀቻቸው።

ሳሎኑ ድንግዝግዝ ያለ ነበር። ካሜራዋን ማቆሚያው ላይ አድርጋ ወደ ጣሪያው አዞረችና፣ ሌንሱ ያለውን ጭላንጭል ብርሃን ቀስ እያለ እስኪለቅም ጠበቀች። ከጣሪያው ጥላሸት ሥር በቀለም የተሳሉ ፈረሰኞች ስክሪኑ ላይ ወጡ።

ኃላፊው ፎቶውን አገላብጠው አዩና "ይህ ቤት አይፈርስም" አሉ።

አቶ ደርበው አፈጠጡባት። "ጣሪያውን አንሺ ያለሽ ማን ነው?"

"በልጅነቴ እዚያ ሳሎን ተኝቼ የማየው ፈረሰኞቹን ነበር" አለች። "እርስዎ አራስ እናቴን በክረምት ዝናብ አውጥተው እስኪጥሏት ድረስ።"