የኮቹ ቁጣ

ኮቹ ላንድማርክ ከሚባለው ሰፈር የመጣው የአሥራ ስምንት ዓመት ሐበሻ ላይ እንደገና ጮኸበት። «ይቺን መያዝ ያቅትሃል? ድገም!» ልጁ ላቡን ጠርጎ ወደ መስመሩ ሲሮጥ፣ ተራውን የሚጠብቀው ሌላው ሐበሻ፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው፣ በቅናት አረረ። ስምንት ዓመት በአሜሪካ ጦር አገልግሎ፣ በሃያ ሰባት ዓመቱ ኮሌጅ ገብቶ፣ ዛሬ ኳስ በእጅ ለሚያዝበት ለአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ሊፈተን የመጣ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ኳስ አላመለጠውም፤ የተቆጣው ግን የለም። ጦር ሰፈር ሳለ ሳጅኑ ይጮህ የነበረው ተስፋ በጣለበት ወታደር ላይ ብቻ እንደነበር ደግሞ አይረሳውም።

ተራው ደረሰ። ሮጠ፤ ኳሷ ደረቱ ድረስ መጣችለት፤ ሆን ብሎ ለቀቃት። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና ቁጣውን ጠበቀ።

ኮቹ አጨበጨበለት። «ችግር የለም ወንድሜ! አገርህን ስላገለገልክ እናመሰግናለን!» አለና ፊቱን ወደሚቀጥለው አዞረ።

ልጁ ነው ሮጦ ኳሷን ያነሳት። ለታላቅ እንደሚሰጥ ዕቃ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ አቀረበለት።

«አይዞዎት፣ ጋሼ።»

«ማን ቦታህን ልቀቅ አለህ?» ሲል ኮቹ ከወዲያ አምባረቀ።

ሰውየው በደስታ ዞረ። ኮቹ የሚያየው ልጁን ነበር።