በግድ ያሳየችው ፊልም

አሥር ዓመቷ ሳለ የስድስት ዓመት ወንድሟን ምንውየለትን ይዛ የሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ገባች። ፊልሙ ሙታን ከመቃብር እየተነሡ ሰው ሲያሳድዱ የሚያሳይ ነበር። ልጁ ዓይኑን በመዳፉ ሲሸፍን እጁን እየጎተተች በግድ አሳየችው። በማግሥቱ ጠዋት አብረው የሚተኙበት ፍራሽ በሽንት ርሶ ተገኘ፤ አባታቸውም ምንውየለትን በቀበቶ ገረፉት። ያ ጩኸቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጆሮዋ አልጠፋም።

አባታቸው ካረፉ በሦስተኛው ቀን፣ የለቅሶው ድንኳን ሲፈርስ፣ ምንውየለት አጠገብ ተቀመጠች።

“ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ በእኔ ጦስ ነው ያን ቀን የተገረፍከው” አለችው።

ምንውየለት አቀርቅሮ፣ “እታለም፣ የረጠበው እኮ በአንቺ በኩል ነበር” አላት። “አባባ እንዳይገርፍሽ ብዬ ገፋ አድርጌሽ እኔ ተኛሁበት።”